«ረን» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከነትርጉሞቹ አጥንቶ ለመያዝ

ደሴ ላይ ለአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ሺ ረንስ ኤ ሾፕ ኢን ፒያሳ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰጥታችሁ ተርጉም ብትሉት «ፒያሳ ላይ ሱቅ ትሮጣለች» ሊላችሁ ይችላል። ልጁ ሰንፎ አይደለም። ያገኘው መዝገበ ቃላት ከ«ረን» ፊት ለፊት «ሮጠ» ብሎ ጽፎለታል፤ እሱም የተሰጠውን ይዞ ሄደ። ሴትዮዋ ግን ፒያሳ ያለ ሱቅ ነው የምታስተዳድረው።

ይህ መመሪያ በወሎ እንግሊዝኛ ለሚያስተምሩ፣ የጥናት ቡድን ለሚመሩና ለብቻቸው ለሚያጠኑ የተዘጋጀ ነው። ለማሳያ የመረጥነው አንድ ቃል ነው፤ ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ትርጉም የበዛበት ስለሆነ። የኦክስፎርድ ታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ሰፊውን ቦታ የሰጠው «ሴት» ለሚባለው ቃል ነበር፤ ማስቀመጥ፣ መደርደር፣ መጥለቅ እያለ የሚሄደው ማለት ነው። አዘጋጆቹ እንደገና ሲያጣሩ ግን «ረን» ቀደመ፤ ለግሡ ብቻ 645 ትርጉም ተቆጠረለት። ይህን ሁሉ የሚያጠና ሰው የለም፤ ማጥናትም አያስፈልግም። ለመማሪያ መጽሐፍ፣ ለዜናና ለሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ከ12 እስከ 15 የሚሆኑት በደንብ ከተያዙ ሌላው ከነሱ ተነሥቶ ይገመታል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አነባበቡን እናስተካክል። የአሁኑ ጊዜ «ረን» ነው፣ ያለፈው «ራን»፣ ከ«ሃቭ» ጋር የሚሄደው ሦስተኛው ቅርጽ ደግሞ ተመልሶ «ረን» ይሆናል። የግእዙ «ረ» እና የራብዑ «ራ» ልዩነት እዚህ ላይ ጥሩ አድርጎ ያገለግለናል፤ ተማሪዎች በደብተራቸው ሁለቱንም «ራን» ብለው ከጻፉ ግን ጊዜው ይጠፋባቸዋል። «አይ ሃቭ ራን» የሚለው ስሕተት የሚመጣው ከዚሁ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ባለ 50 ሉክ ደብተር አንድ፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ ሁለት ኤ4 ወረቀት፣ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለው እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መዝገበ ቃላት (በስልክ የተጫነም ይሆናል)። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ እጥፉትና በእጥፋቱ ቅደዱት፤ ከአንዱ 8፣ ከሁለቱ 16 ካርድ ይወጣል። 12ቱ ለጥናት፣ 4ቱ ለሚበላሽ መጠባበቂያ ናቸው። ጊዜው በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 40 ደቂቃ ነው። በአንድ ቀን እንጨርሰው ብሎ መቀመጥ አይጠቅምም፤ ትርጉሞቹ ይመሳሰላሉና ሲከማቹ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል።

1. ጆሮን በአማርኛ ማሟሸት

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ጤፍ አይጣልበትም። ስለዚህ ገና እንግሊዝኛ ሳይነሣ ሰሌዳው ላይ «ወጣ» ብላችሁ ጻፉና ሁሉም ዓረፍተ ነገር ይስጡ። ጨረቃ ወጣች፣ ዕጣ ወጣለት፣ አዋጅ ወጣ፣ የጦሳን ተራራ ወጣ፣ ከሥራ ወጣ፣ ስም ወጣለት፣ የፈተናው ውጤት ወጣ፣ ብዙ ገንዘብ ወጣበት፣ የሕፃኑ ጥርስ ወጣ፣ አንደኛ ወጣ። 15 እስኪሞላ አታቁሙ፤ ከአሥረኛው በኋላ ነው ጨዋታው የሚሞቀው።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። እነዚህን ሁሉ ምን ያገናኛቸዋል? ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከስውር ወደ ግልጥ መምጣት። ጨረቃ ወጣች ሲባል የገባችሁ፣ አዋጅ ወጣ ሲባልም ያላምታታችሁ በምን ለያችሁት? የወጣውን ነገር አይታችሁ። ማንም «ወጣ»ን በቁጥር አላጠናውም፤ ባለቤቱ ራሱ ትርጉሙን ጎትቶ ያመጣዋል።

ይህን ችሎታ የወሎ ሰው ከሩቅ መበደር አይኖርበትም። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራው የዋድላ ቅኔ ቤት የሰሜን ወሎ ነው። የቅኔ ተማሪ ኅብር (ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል) ሲፈታ ቃሉን ነጥሎ አያፈጥበትም፤ ባለቤቱን ይፈልጋል፣ ተሳቢውን ይፈልጋል፣ ማሰሪያ አንቀጹን ይመረምራል። እኛም ለ«ረን» የምናደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፤ ባለ ቅኔው ሁለቱንም ትርጉም አብሮ ማቆየት ይፈልጋል፣ የመማሪያ መጽሐፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው።

2. እምብርቱን በሥዕል ማስቀመጥ

የ«ረን» እምብርት «ሳይቆም በመንገዱ መሄድ» ነው። ይህን በቃል ከማስረዳት በደብተሩ መካከል ላይ ወንዝ ዳር ያለ አንድ የውኃ ወፍጮ መሳል ይሻላል። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ሰባት ቀስት የሚወጣበት ቦታ ግን ተዉለት።

በቦዩ ውኃው ይወርዳል፦ «ዘ ዋተር ረንስ»። ውኃው ሲመታው ወፍጮው ይሠራል፦ «ዘ ሚል ረንስ»። የሚሠራው በናፍጣ አይደለም፣ በውኃ ነው፦ «ኢት ረንስ ኦን ዋተር»። ባለ ወፍጮው ሥራውን ይመራል፦ «ሂ ረንስ ዘ ሚል»። በወንዙ ዳር ዳር አጥር ተዘርግቷል፦ «ኤ ፌንስ ረንስ አሎንግ ዘ ባንክ»። አንድ ልጅ እህል እንዳይቀደምበት ጆንያውን ተሸክሞ ይሮጣል፦ «ኤ ቦይ ረንስ»። በጋው ሲጠና ቦዩ ይደርቃል፦ «ዘ ቻናል ረንስ ድራይ»።

ሰባቱም ላይ ቃሉ አንድ ነው፤ አማርኛው ግን ወረደ፣ ሠራ፣ መራ፣ ተዘረጋ፣ ሮጠ፣ ደረቀ እያለ ተለዋወጠ። ተማሪው ይህን በአንድ ገጽ ላይ ካየው በኋላ «ረን ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቁን ይተዋል። «ምንድን ነው የሄደው?» ብሎ ይጠይቃል። ከሥራው ሁሉ ትልቁ እዚህ ላይ ያለው ነውና አትቸኩሉ፤ የመጀመሪያው ቀን 40 ደቂቃ በማሟሻውና በዚህ ሥዕል ይለቅ።

3. ሦስቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መጠየቅ

«ረን» ያለበት ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ ባለቤቱ ማን ነው? ቀጥሎ፣ ተሳቢ አለው ወይ? በመጨረሻ፣ ከኋላው የተለጠፈች ትንሽ ቃል (ጭራ እንበላት) አለች ወይ? ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ።

ባለቤቱ ሰው ወይም እንስሳ ሆኖ ተሳቢና ጭራ ከሌለ ሮጠ ነው። ፈሳሽ ከሆነ ፈሰሰ፦ «ዘ ቦርከና ረንስ ስሩ ኮምቦልቻ»፣ ቦርከና ኮምቦልቻን አቋርጦ ይፈስሳል። ቧንቧም አፍንጫም በዚሁ ይሄዳሉ። ባለቤቱ ቀለም ወይም የታጠበ ልብስ ሲሆን «ለቀቀ» እንላለን። ሞተር፣ ማሽንና የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሆን ሠራ፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ የሚሰማው «ኢዝ ኢት ረኒንግ?» የሚጠይቀው ማሽኑ እየሠራ እንደሆነ ነው። ሚኒባስ ሲሆን ተመላለሰ። መንገድ ወይም ሰንሰለታማ ተራራ ሲሆን ደግሞ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ የሚሄደው ዓይናችን ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በኮምቦልቻ፣ በደሴና በወልዲያ አልፎ መቀሌ የሚደርሰው መንገድ «ረንስ ኖርዝ» ቢባል ወደ ሰሜን ይዘልቃል ማለት ነው። ውል፣ ሥልጠናና ድራማ ሲሆን ቆየ ወይም ዘለቀ፤ በሽታና ጠባይ በቤተሰብ ውስጥ ሲሆን በዘር ወረደ።

ተሳቢ ሲኖር ነገሩ ይለወጣል፤ አማርኛ ተናጋሪን የሚያደናቅፈውም ይኸው ነው። እኛ «ማሽኑ ሠራ» እና «ማሽኑን አሠራ» ብለን በ«አ» እንለያለን። እንግሊዝኛው ግን ያችን ምልክት አይሰጥም፦ «ዘ ማሽን ረንስ»፣ «ሺ ረንስ ዘ ማሽን»። «አ»ዋን ከቃሉ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም፤ ያለችው ከቃሉ በስተኋላ፣ ተሳቢው ላይ ነው። ስለዚህ ተሳቢ ሲታይ ወዲያው «አ» ወይም «አስ» ያለበት የአማርኛ ግሥ ፈልጉ፦ ሱቅን፣ ሆቴልን፣ ድርጅትን አስተዳደረ፤ ማሽንን አንቀሳቀሰ፤ ምርመራንና ሙከራን አካሄደ፤ ማስታወቂያንና ዜናን አወጣ። ከዚህ መስመር የሚወጡ ሁለት አሉ፣ እንዳሉ ይያዙ፦ «ረን ኤ ፊቨር» አተኮሰው ነው፤ «ረን ኤ ሪስክ» ለአደጋ ተጋለጠ።

4. ጭራዎቹን ለየብቻ ማጥናት

ለሦስተኛው ቀን ከአራት ጭራ በላይ አትውሰዱ። «ኢንቱ» እና «ኦቨር» በአንድ ቀን አይጠኑ፤ ሁለቱም ከመኪና አደጋ ጋር ስለሚገናኙ ይምታታሉ።

መጀመር ያለበት «ረን አውት» ነው፤ በየዕለቱ ይፈለጋልና። ቡና ሊፈላ ሲል ስኳር የለም እንበል። በአማርኛ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ስኳሩ ባለቤት ሆኖ «ስኳር አለቀብን»። እንግሊዝኛው ሁለት በር አለው። ባለቤቱ ስኳሩ ከሆነ «ዘ ሹገር ራን አውት» ይበቃል። ባለቤቶቹ እኛ ከሆንን ግን «ኦፍ» መግባት አለባት፦ «ዊ ራን አውት ኦፍ ሹገር»። የሚበላሸውም በሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ «ዊ ራን አውት ሹገር» ተብሎ «ኦፍ» ይጎድላል፣ ወይ «ዘ ሹገር ራን አውት ኦፍ» ተብሎ ያለ ቦታው ይገባል። የኛን «ብን» ተሸካሚዋ «ኦፍ» ናት ብሎ መያዝ ይረዳል፤ እኛ ስንገባ እሷም ትገባለች። ዘይት፣ ከሰል፣ ካርድ፣ ጊዜ እያላችሁ አሥር ጊዜ በሁለቱም በር አመላልሱት።

«ረን ኢንቱ» የሚወሰነው ከኋላው በሚመጣው ነው። ቤት ከመጣ ሮጦ ገባ፤ ወዳጅ ከመጣ በድንገት አገኘ፤ ግድግዳ ወይም ዛፍ ከመጣ ተጋጨ፤ ዕዳ ወይም ችግር ከመጣ ገባበት። «ረን ኦቨር» መኪና ሰውን ሲገጭ፣ ስብሰባ ከሰዓቱ ሲያልፍ፣ ድስት ሞልቶ ሲፈስ ያገለግላል፤ «ሂም» ወይም «ሀር» በመካከል ከገባች («ራን ሂም ኦቨር») የመኪናው አደጋ ነው። «ረን ዳውን» ባትሪ ሲደክም ይባላል። «ረን አፕ» ከዳገት ጋር ከሆነ ሮጦ መውጣት ነው፣ ከዕዳ ጋር ከሆነ ማከማቸት። «ረን ኦፍ» መኪና የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲስት ከመንገድ ወጣ ማለት ነው። «ረን ፎር» ከምርጫ ጋር ከሆነ መወዳደር ነው።

5. ካርዱን መሥራት

በካርዱ ፊት ሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉና «ረን»ን በሌላ ቀለም አስምሩበት። ዓረፍተ ነገሩ የሚያውቁት ሰፈር ይኑርበት፤ ሐይቅ፣ ኩታበር፣ የባቲ ሰኞ ገበያ፣ መርሳ። ከለንደን ቀድቶ የተጻፈ ምሳሌ ቶሎ ይረሳል። በጀርባው ሙሉውን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ነጠላ ቃል አትጻፉ፤ «ረን = አስተዳደረ» ያለ ካርድ ነገ «ውኃው ያስተዳድራል» ያሰኛል። በቀኝ ጥጉ ላይ ትርጉሙን የለየላችሁ ምን እንደሆነ በአንድ ፊደል ምልክት አድርጉ፦ ባለቤት ከሆነ ባ፣ ተሳቢ ከሆነ ተ፣ ጭራ ከሆነ ጭ። ይህች ፊደል ቀላል ትመስላለች፤ ሲሳሳቱ ግን የትኛውን ጥያቄ እንደዘለሉ የምታሳየው እሷ ናት።

ካርዱ በተሠራበት ዕለት ማታ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ30ኛው ቀን ይገለበጣል። ያቃተው ካርድ ከ1ኛው ቀን ይጀምራል፣ የተመለሰው ወደፊት ይሄዳል።

6. ስም ሆኖ ሲመጣ

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በመሆኑ ቃሉ ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ውጭም ይጠብቃል። ኢኮኖሚክስ ላይ «ሎንግ ረን» ረጅም ሩጫ አይደለም፤ አምራቹ ሠራተኛውንም፣ ማሽኑንም፣ ሕንፃውንም፣ ሁሉንም ግብዓት ሊለውጥ የሚችልበት የጊዜ አድማስ ነው። «ሾርት ረን» ቢያንስ አንዱ ግብዓት የማይለወጥበት ነው። በዓመት ቁጥር አይለካም፤ ስንት ዓመት ነው ብሎ የሚከራከር ተማሪ ካለ ወደዚህ ትርጉም መልሱት። «ባንክ ረን» ደንበኞች ባንኩ ይወድቃል ብለው ፈርተው ገንዘባቸውን ለማውጣት በአንድ ጊዜ ሲጎርፉ ነው።

ጂኦግራፊ ላይ «ረንኦፍ» መሬት ሳይመጠው በላዩ የሚፈስ ውኃ ነው፤ በክረምት ከጦሳ ቁልቁል ወደ ደሴ የሚወርደውን ማሳየት ይበቃል። ይኸው ቃል ምርጫ ላይ ሲመጣ ቀዳሚዎቹ እንደገና የሚወዳደሩበት ዙር ነው። «ረነር አፕ» ሁለተኛ የወጣ። «ድራይ ረን» ከዋናው በፊት የሚደረግ ልምምድ ነው፤ ቦታቸው ተገልብጦ «ረን ድራይ» ከሆነ ግን ደረቀ ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ካርድ ፊትና ጀርባ አትጻፉ።

የሚሳሳቱበትና ምክንያቱ

ሥራ የበዛበት ሰው «ሩጫ ላይ ነኝ» ይላል። ይህን «አይ አም ኦን ዘ ረን» ብሎ ማዞር አደገኛ ነው፤ ለሰሚው መጀመሪያ የሚመጣለት ከፖሊስ የሚሸሽ ሰው ነው። «አይ አም ቢዚ» በቂ ነው።

የስልክ መተርጎሚያ የሚያሳስተው ቃሉን ብቻውን ሲሰጡት ነው። ባለቤትም ተሳቢም ስለሌለው የተለመደውን «ሮጠ» ይመልሳል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጡት፤ ከቻላችሁ ከፊቱና ከኋላው ያለውንም ጨምሩ። መልሱን ደግሞ በሦስቱ ጥያቄዎች ፈትኑት።

ሌላው ሁሉንም ጭራ በፊደል ተራ ዘርዝሮ ማጥናት ነው። ለፈተና የተዘጋጀ የሚመስል ዝርዝር ይወጣል፤ ይሁንና ዓረፍተ ነገር ስለሌለበት ፈተናው ላይ ሲመጣ አይታወቅም።

7. መፈተሽ

በአራተኛው ቀን እነዚህን ስምንት ሰሌዳ ላይ ጻፉ። እያንዳንዱን በአማርኛ ይመልሱ፣ አጠገቡም ባ፣ ተ ወይም ጭ ያድርጉ።

«ዘ ታፕ ኢዝ ረኒንግ»
«ሂ ራን ፎር ፓርላመንት»
«ዘ ኮንትራክት ረንስ ፎር ቱ ይርስ»
«ሀር ስካርፍ ራን ኢን ዘ ዋሽ»
«ዊ ራን ኢንቱ አወር ቲቸር አት ባቲ»
«ዘ ሎሪ ራን ኢንቱ ኤ ዎል»
«ዘ ቤቢ ኢዝ ረኒንግ ኤ ፊቨር»
«ዘይ ራን አፕ ኤ ቢግ ዴት»

መልሱ በተራ፦ ቧንቧው ውኃ እያፈሰሰ ነው (ባ)፤ ለምክር ቤት ተወዳደረ (ጭ)፤ ውሉ ሁለት ዓመት ይቆያል (ባ)፤ ሻርፗ ሲታጠብ ቀለም ለቀቀ (ባ)፤ ባቲ ላይ ከመምህራችን ጋር ድንገት ተገናኘን (ጭ)፤ የጭነት መኪናው ከግድግዳ ጋር ተጋጨ (ጭ)፤ ሕፃኑን ያተኩሰዋል (ተ)፤ ብዙ ዕዳ አከማቹ (ጭ)።

አምስተኛውንና ስድስተኛውን ያቀያየረ ተማሪ ጭራዋን አይቷታል፣ ከኋላዋ የመጣውን ግን አላየም፤ የ«ኢንቱ»ን ካርድ ብቻ ይድገም። ሦስተኛውን «ውሉ ሮጠ» ያለ ወደ ወፍጮው ሥዕል ይመለስ። ስድስትና ከዚያ በላይ የመለሰ ከራሱ የጂኦግራፊና የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ «ረን» ያለባቸውን አምስት ዓረፍተ ነገሮች አውጥቶ ለቡድኑ ያምጣ።

30ኛው ቀን ካለፈ በኋላ ለሚቀጥለው ቃል «ቴክ»ን ውሰዱ። ለእሱ ማሟሻው «ያዘ» ይሁን፦ ሌባ ያዘ፣ ቦታ ያዘ፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ዝናብ ያዘው፣ ቂም ያዘ፣ ጉንፋን ያዘው።